ስልክዎ እንዳይጮህ፦ ለፎቶግራፍ አንሺ የሚሆን የድረ ገጽ አሠራር ምክር

ድሮ ፎቶ ቤት ያለው ሰው በሩ አጠገብ ባለች የመስታወት ሳጥን ውስጥ ጥቂት ፎቶዎች ይሰቅል ነበር። አንዲት ሙሽራ፣ ካባ የለበሰ ተመራቂ፣ ክርስትና የተነሣ ሕፃን፣ አንገቱን በክራባት አንቆ ካሜራው ላይ የሚያፈጥ ጎረምሳ፤ አለቀ። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ያያል፣ የወደደ በሩን ገፍቶ ይገባል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ፀጉሩን ያበጥራል፣ ይነሣል። ይህ አሠራር አንድ ከባድ ጉድለት ነበረበት፤ ሰው ይመጣል። ሰው ሲመጣ ሥራ ይመጣል፣ ሥራ ሲመጣ ቀጠሮ፣ ከቀጠሮም በኋላ «አልበሙ መቼ ነው የሚደርሰው?» የሚል ጭቅጭቅ።

ተመስገን ነው፤ ዘመኑ ተለውጧል። ዛሬ ያቺን የመስታወት ሳጥን በድረ ገጽ መተካት ይቻላል። ድረ ገጹ በአግባቡ ከተሠራ ደግሞ በበሩ የሚገባ ሰው አይኖርም። የብዙ የሙያ ባልደረቦችዎን ድረ ገጾች በትዕግሥት ተመልክቻለሁና፣ ከእነሱ የተማርኩትን ሳልደብቅ ላካፍልዎ።

ለማስጠንቀቂያ ያህል አንድ ምሳሌ ላስቀድም። ገርጂ አካባቢ የሚሠራ አንድ ልጅ አውቃለሁ፤ ስሙን አልጠራም፣ የራሱ መከራ ይበቃዋል። ይህ ልጅ ማንንም ሳያማክር በአንድ ቅዳሜና እሑድ አንዲት ገጽ ሠራ። ከላይ ስሙ፣ ከስሙ ሥር «የሠርግና የቤተሰብ ፎቶ፣ አዲስ አበባ» የሚል አንድ መስመር፣ ቀጥሎ ስልክ ቁጥሩ፣ ከዚያ ሃያ ምናምን ፎቶ፣ ከታች የመነሻ ዋጋው። የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፣ ሙዚቃ የለም፣ «ራእያችን» የለም። ውጤቱ ያሳዝናል። ጥር ከገባ ወዲህ ልጁን ቁጭ ብሎ ቡና ሲጠጣ ያየው የለም። ረዳት ቀጥሯል፤ ረዳቱም ከስቷል።

የዚህ ልጅ ጥፋት አንድ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ የመጣ ነው። ገጹን የሠራው ለሙሽራዋ እናት ነው። የሙሽራዋ እናት ማወቅ የምትፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ይሄ ልጅ ልጄን አሳምሮ ያነሣታል ወይ? ስንት ይላል? በምን ላግኘው? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ከሰጡ ጉድ ፈላ። እርስዎ ድረ ገጽዎን መሥራት ያለብዎት ለሌሎች ፎቶግራፍ አንሺዎች ነው። ገጹን ከፍተው «በምን ሌንስ ነው ያነሣው?» እያሉ የሚቀኑ፣ በዕድሜ ልካቸው ግን አንዲት ብር የማይከፍሉዎ ወንድሞችና እኅቶች። ከዚህ በታች ያለው ምክር በሙሉ እነሱን ታሳቢ ያደረገ ነው።

ከአድራሻው ስም እንነሣ። የራስን ስም ብቻ ይዞ «ዶት ኮም» ማለት ድህነት ያስመስላል። ከስሙ ኋላ «ፎቶግራፊ»፣ ከእሱ ኋላ «ኤንድ ቪዲዮግራፊ»፣ ከእሱም ኋላ «ፕሮዳክሽን» ያስከትሉ፤ በየመካከሉ ሰረዝ ያስገቡ። ስማችን በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ ወጥ አለመሆኑም ለዚህ ሥራ ጸጋ ነው። ፀጋዬ የሚባል ሰው መነሻውን በ«ቲ» እና በ«ኤስ» ወይም በ«ኤስ» ብቻ፣ መድረሻውን በ«ዋይ» እና በ«ኢ» ወይም በ«ኢ» ብቻ መጻፍ ይችላል። ከእነዚህ ውስጥ ማንም የማይገምተውን ይምረጡ። የገርጂው ልጅ ስሙን ከመግዛቱ በፊት ለአክስቱ በስልክ እየነገራት እንድትጽፈው አደረገ፤ አክስቱ የሳተችውን ጥሎ ያገኘችውን ወሰደ። የዶት ኮም ስም በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር ገደማ ስለሆነ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ገዝቶ አንዱን ወደ ሌላው የሚያዞር ሰውም አለ። ይህን ያህል መጨነቅ ምን ይባላል?

ምዝገባውን ደግሞ ራስዎ አይነካኩት። ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ የእኅት ልጅ በየቤቱ አለ። በራሱ ኢሜይል፣ በራሱ የይለፍ ቃል፣ በጓደኛው የውጭ ካርድ ያስመዝግብልዎ። ዶላር የሚከፍል ካርድ እንደልብ ስለማይገኝ ነገሩ ውለታ ይመስላል፤ እርስዎም አመስግነው ይረሱታል። ከዚያ ልጁ ካናዳ ይሄዳል። ዓመቱ ሲሞላ የእድሳት ማስታወሻ የሚደርሰው ለእሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ያንን ኢሜይል ከፍቶት አያውቅም። ስሙ ቀኑ ያልፍበታል፣ ጥቂት ሳምንታት ታግቶ ይቆያል፣ ከዚያ ለገበያ ይለቀቃል። ቀን ያለፈባቸውን ስሞች አድፍጠው የሚገዙ ሰዎች አሉ፤ ከገዢዎቹም መካከል የቁማር ቤቶች አይጠፉም። እናም አንድ ቀን የሙሽራዋ እናት ከአድራሻ ካርድዎ ላይ ያነበበችውን ስም ስትጽፍ የሚከፈትላት የውርርድ ገጽ ይሆናል። ስሙን በገዛ ኢሜይሉ ያስመዘገበና የእድሳቱን ቀን ስልኩ ላይ ማስታወሻ ያደረገ ሰው እንዲህ ዓይነት ጨዋታ አያይም።

የመሥሪያው ምርጫ ብዙ ነው፤ ብዛቱ ራሱ ይጠቅማል፣ ሲያወዳድሩ ግማሽ ዓመት ይሄዳል። ዊክስና ስኩዌርስፔስ ክፍያ ተቀብለው ያለ ኮድ ያሠራሉ። ዎርድፕሬስ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ ቦታ መከራየትና በየጊዜው ማደስ ግን ይጠይቃል። ኮድ ለማይፈራ ሰው ጊትሃብ ፔጅስ እስከ 1 ጊጋባይት የሚደርስ ገጽ በነፃ ያስቀምጣል። ለላይትሩምና ለፎቶሾፕ በወር በወሩ የሚከፍል ሰው አዶቢ ፖርትፎሊዮን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያገኛል፤ ብዙ ሰው እጁ ላይ እንዳለ እንኳ አያውቅም። (ላይትሩምን «ክራክ» ሆኖ በፍላሽ የተቀበለ ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር ይዝለለው።) እኔ የምመክርዎ ዎርድፕሬስን ወስደው ሠላሳ ፕለጊን እንዲጭኑበት ነው። አንዱ የገና በረዶ ያዘንባል፣ አንዱ «እንኳን ደህና መጡ» ይላል፣ አንዱ ምን እንደሚሠራ አይታወቅም። ከዚያ አንዱንም አያድሱ። ያልታደሰ ፕለጊን ለሰርጎ ገቦች የተከፈተ በር ነው፤ ድረ ገጽዎ ቢያንስ በእነሱ ዘንድ ይጎበኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ፎቶ ምርጫ እንምጣ። አይምረጡ።

በ2020 እ.ኤ.አ. የኛው የፎቶ ጋዜጠኛ ሙሉጌታ አየነ የተሸለመበት ወርልድ ፕሬስ ፎቶ የሚባለው የዓለም ውድድር በታሪክ ዘርፉ ጦርነትንም ሆነ ስደትን ከ10 በማይበልጡ ፎቶዎች ንገሩኝ ይላል። ያ ለጋዜጠኛ ይሁን። የእኛ ሠርግ ሽምግልና አለው፣ መልስ አለው፣ ቅልቅል አለው፤ በ10 ፎቶ የአማቶቹ ነጠላ ጥለት እንኳ ተነግሮ አያልቅም። ስለዚህ ስድስት መቶ አርባውንም ይጫኑ። ሙሽራው ከመኪና ሲወርድ የተነሣ 18 ፎቶ ካለዎት በ18ቱም የእግሩ አጣጣል ይለያያልና አንዱም አይቅር። መምረጥ ማለት መጣል ነው፤ መጣል ደግሞ ያማል። በተለይ ያን ቀን ወዳጅነት ፓርክ ውስጥ ፀሐይ አናትዎ ላይ ወጥታ፣ ጉልበትዎ ጠጠር ላይ ተተክሎ፣ ሚዜዎቹ እየጮኹብዎ ያገኟትን ያቺን ፎቶ መጣል። እርስዎ ፎቶዋን ባዩ ቁጥር የጉልበትዎ ሕመም ትዝ ይልዎታል። የሙሽራዋ እናት የምታየው ግን የተጨፈነ ዓይን ነው። ልዩነታችሁ እዚህ ላይ ነው፤ እርስዎ የራስዎን ድካም ይዘው ይጽኑ።

አንድ ያረጀ አባባል አለ፤ ፎቶግራፍ አንሺ የሚመዘነው በደካማ ፎቶው ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ከሃያ ጥሩ ፎቶ መካከል አንዷ የደበዘዘች እንደሆነ ደንበኛ ሃያውን ረስቶ «የእኔ ቀን እንደዚህች ብትሆንስ?» ብሎ ያስባል። ስለዚህ ያቺን አንዷን ከየትም ፈልገው ያግኟት፤ ባይኖርዎ እንኳ ከአዳራሽ ጭፈራ ላይ አትጠፋም።

የፎቶዎቹ ዓይነትም አንድ አይሁን። የሙሽራ ፎቶ ፍለጋ የመጣ ሰው ሠርግ ብቻ አይቶ መሄድ የለበትም። ከቬሎው ቀጥሎ ክትፎ በጣባ፣ ከክትፎው ቀጥሎ ያላለቀ የሪል እስቴት ሕንፃ፣ ከዚያ የላሊበላ ፀሐይ መግቢያ፣ ከዚያ በትልቁ ሌንስ የተነሣች ጨረቃ፣ ከዚያ ድመትዎ። ሁለገብነትዎ ይታወቅልዎ። ቅደም ተከተሉን በተመለከተ ደግሞ፣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ፎቶዎች አይቶ ስለሚወስን በጣም የሚኮሩበትን ፎቶ መቶ ሰባተኛ ላይ ያድርጉት። እስከዚያ የማይታገሥ ደንበኛ ለእርስዎ የሚሆን ደንበኛ አይደለም።

ቀለም ላይ ሁለት ቃል። ከአንድ የአውሮፓ ፎቶግራፍ አንሺ የገዙት «ፕሪሴት» የሙሽራዋን ጠይም ፊት ብርቱካን ካደረገው ተሳክቶልዎታል ማለት ነው። ኤክስፖርት ሲያደርጉም ኤስአርጂቢ የሚባለውን የቀለም ዓይነት አይምረጡ። አብዛኛው ስልክና ስክሪን የሚጠብቀው እሱን ስለሆነ ፎቶው ያለ ችግር እርስዎ ባዩት መልክ ይታያል። አዶቢ አርጂቢ ላይ ትተው ፕሮፋይሉን ካጠፉት ግን ሙሽራዋ በብዙ ስልክ ላይ አመድ የነፋባት ትመስላለች። ሰው ቢነግርዎ «እኔ ጋ ያምራል» ይበሉ። እርስዎ ጋ በእርግጥ ያምራል።

ክብደትን በሚመለከት ትንሽ ሒሳብ ያስፈልገናል። የ24 ሜጋፒክስል ካሜራ ፎቶ 6000 በ4000 ነጥብ ነው፤ በከፍተኛ ጥራት የተቀመጠ ጄፔግ 10 ሜጋባይት አካባቢ ይመዝናል። እንዳለ ይጫኑት። 40 ፎቶ 400 ሜጋባይት ይሆናል። ደንበኛዎ የቀን ጥቅል የገዛች እንደሆነ ገና ሙሽራው ከመኪናው ሳይወርድ ጥቅሏ ማለቁን የሚገልጽ አጭር መልእክት ይደርሳታል። የሥራዎን ክብደት በዚህ ልክ የሚመሰክር ሌላ ማን አለ? የገርጂው ልጅ ግን እዚህም ላይ ስስታም ነው። ረጅሙን ጎን 2000 ነጥብ፣ ጥራቱን 80 አድርጎ ያወጣል፤ አንዱ ፎቶ 400 ኪሎባይት ገደማ ይሆናል፣ አርባው ቢደመር 16 ሜጋባይት። ብዙ የእጅ ስልኮች ስፋታቸው 1080 ነጥብ አካባቢ ስለሆነ ከእሱ እጅግ አልፎ የሚላከው ሁሉ መንገድ ላይ የሚቀር ዕቃ ነው ይላል። በዚያ ላይ «ሌዚ ሎዲንግ» የምትባል አንዲት ትእዛዝ ኮዱ ውስጥ ጨምሯል፤ ፎቶው የሚመጣው ሰው ጣቱን እያንሸራተተ ወደ እሱ ሲደርስ ብቻ ነው። ጎግል በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ዌብፒ የተባለ ቅርጸትም ይጠቀማል፤ ከጄፔግ የቀለለ ነው። ገጹ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ይከፈታል። ምን ዓይነት ጥበብ ነው ታክሲ ውስጥ የሚከፈት?

ሙሉ መጠኑን መጫን ሌላም ጥቅም አለው። ከድረ ገጽዎ ላይ ያወረደው ሰው የእርስዎን ሙሽራ በቁመቱ ልክ ባነር አሳትሞ የውበት ሳሎን ደጃፍ ላይ ሊሰቅላት ይችላል፤ 2000 ነጥብ ቢሆን ኖሮ ሲለጠጥ ይፈረካከስ ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ 25 ዓመት ጥበቃ ሰጥቷል፤ ክስ ለመመሥረት ሰፊ ጊዜ አለዎት ማለት ነው። ስርቆትን አስቀድሞ ለመከላከል የሚፈልጉ ከሆነ ሎጎዎን በሙሽራዋ አፍንጫ ላይ ያትሙት። ትልቅ ይሁን፣ ግማሽ ግልጽ ይሁን፣ ወርቃማ ይሁን። ጥግ ላይ በትንሹ መጻፍ የዓይን አፋር ሰው ሥራ ነው፤ በዚያ ላይ ፎቶው ይታያል።

ስለ ገጽታው አላስረዝምም። ጥቁር መደብ፣ ግራጫ ጽሑፍ፣ ሎጎው ሦስት ጊዜ የሚሽከረከርበት መግቢያ፣ ሳይጠየቅ የሚጀምር የክላሲካል መሣሪያ ሙዚቃ። ደንበኛዋ ቢሮ ተቀምጣ በድብቅ ከሆነ የከፈተችው፣ የሙዚቃው ጥቅም ወዲያው ይገባታል።

«ስለ እኔ» የሚለው ክፍል ግን ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ከምኒልክ እስከ ኃይለ ሥላሴ ነገሥታቱን ያነሡት የቦያጂያን ቤተሰብ አባላት «ፎቶግራፍ አንሺ» መባል በቂያቸው ነበር። እርስዎ ያነሡት የጎረቤትዎን ቅልቅል ነውና ከዚህ ከፍ ማለት አለብዎ። «ምስላዊ ተራኪ» ይበሉ፤ «የብርሃን ባለቅኔ» ይበሉ፤ «የማይደገሙ ቅጽበቶችን ለዘላለም የምናኖር» ይበሉ። ብቻዎን ቢሠሩም «እኛ» ይበሉ። ልጅነትዎን ያንሡ፤ ካሜራን ለመጀመሪያ ጊዜ በአጎትዎ እጅ ያዩባትን ዕለት በሦስት አንቀጽ ይተርኩ። የካሜራዎን ሞዴልና የሌንሶችዎን ዝርዝር በሙሉ ይጻፉ፤ የሙሽራዋ እናት ኤፍ 1.4ን ከኤፍ 1.8 ለይታ እንደምታውቅ ይታመናል። ሊቀሩ የሚገባቸው ጥቂት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ የሚሠሩበት ከተማ፣ ስንት ዓመት እንደሠሩ፣ ምን ምን እንደሚያነሡ፣ ሥራውን በስንት ሳምንት እንደሚያስረክቡ። በተለይ የመጨረሻውን አንዴ ከጻፉት እንደ ውል ይያዝብዎታል፤ በዚህ ሙያ ውስጥ ደግሞ አልበም በሰዓቱ አስረክቦ የተመሰገነ ሰው ጥቂት ነው።

የራስዎን የቁም ፎቶ የሚያስገቡ ከሆነ ፊትዎ በካሜራ የተሸፈነበት ይሁን። በሠርጋቸው ቀን ሙሉ ቀን አብሯቸው የሚውለውን ሰው መልክ ማወቅ ለሙሽሮች ምን ያደርግላቸዋል?

ቋንቋው እንግሊዝኛ ብቻ ቢሆን ይመረጣል። አማርኛ የግድ ካስፈለገ በድሮው ፓወር ግዕዝ ይጻፉት። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ በአብዛኛው ስልክ ላይ ይነበባል፣ ጎግልም ፈልጎ ያገኘዋል። በድሮው ዘዴ የተጻፈው ግን ፎንቱ በሌለበት ስልክ ላይ የላቲን ፊደላት ዝባዝንኬ ሆኖ ይቀርባል። እሱም ካልሆነልዎ ጽሑፉን ፎቶሾፕ ላይ ጽፈው እንደ ሥዕል ይለጥፉት፤ ሥዕል ውስጥ ያለን ስልክ ቁጥር ነክቶ መደወልም ሆነ ኮፒ ማድረግ ቀላል አይደለም። የፎቶዎቹን የፋይል ስም ካሜራው እንደሰጣቸው፣ በዲኤስሲና በአራት ቁጥር፣ ይተዉት። አንዳንዱ ፎቶውን «ሠርግ እንጦጦ» ብሎ ሰይሞ፣ ከሥሩ ማየት ለተሳናቸው ሰዎችና ለጎግል የሚሆን አጭር መግለጫ ይጽፋል። ከዚያ «የሠርግ ፎቶ አዲስ አበባ» ብሎ የሚፈልግ ሰው መጥቶ ሲያገኘው ይደነግጣል።

አሁን በጣም አደገኛ ወደሆነው ክፍል ደርሰናል፤ አድራሻና ዋጋ። ዋጋ አይጻፉ። «ለዋጋ በውስጥ መስመር ያነጋግሩን» የሚለው በሀገራችን የንግድ ታሪክ ውስጥ የማያረጅ ጥበብ ነው። «ከዚህ ብር ጀምሮ» የሚል አንድ ቁጥር ካስቀመጡ አቅሙ የማይፈቅድለት ሰው ሳያስቸግርዎ ይሄዳል፣ የሚፈቅድለት ደግሞ ወስኖ ይደውላል፤ ሁለቱም ጣጣ ነው። ስልክ ቁጥሩን አራተኛው ገጽ ሥር፣ በግራጫ ፊደል ያስቀምጡ፤ ወይም ጭራሽ ትተው አሥራ ሁለት ሳጥን ያለው ቅጽ ያዘጋጁ። ቅጹ የሚልከው የእኅትዎ ልጅ ወደ ከፈተው ኢሜይል ይሁን።

የባሕር ማዶ ደንበኞችን ነገር ደግሞ በተለይ ያስቡበት። ጥር ላይ ለማግባት ዋሽንግተን አጠገብ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከዱባይ የምትመጣ ልጅ ፎቶ ቤትዎ ደጃፍ ቆማ የምታየው ነገር የላትም፤ ያላት ድረ ገጽዎ ብቻ ነው። እሷን ለማሸሽ ቁጥርዎን በ09 ብቻ ይጻፉ፣ +251 አይጨምሩ። የቴሌግራምም ሆነ የዋትስአፕ ማስፈንጠሪያ አያስቀምጡ። «ከ3 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ይደውሉ» ይበሉ፤ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ግን አይግለጹ። ዋሽንግተን በጥር ወር ከአዲስ አበባ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ በዚያ ላይ የእኛን የስድስት ሰዓት ልዩነት ራሷ ደምራ ቀንሳ ትድረስበት። የሠርጉን ቀን የሚጠይቀው ሳጥን ቁጥር ብቻ ይቀበል። እሷ ጃንዋሪ 25 ለማለት «25» ትጽፋለች፣ እርስዎ ጥር 25 ብለው ይይዛሉ። ጃንዋሪ 25 በአብዛኛው ዓመት ጥር 17 ነው፤ በመካከሉ ስምንት ቀን አለ። እርስዎ ካሜራዎን ወልውለው፣ ባትሪዎን ሞልተው፣ ሱፍዎን ለብሰው ሲደርሱ ሙሽሮቹ ከጫጉላ ተመልሰው ሻንጣ እያሰሩ ነው። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን የሚጠይቅ ቅጽ ይህን ሁሉ ያስቀራል፤ ስለዚህ አይሥሩት።

ፈቃድ መጠየቅ የሚባል ነገርም አለ። እዚህ ላይ ለጊዜው ቀልዱን ላቁም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሕጉ ሲወጣ ድረ ገጽ አልነበረም፤ ግን አደባባይ ከተባለ ከድረ ገጽ የሰፋ አደባባይ የለም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ውሉ ላይ «ፎቶግራፍ አንሺው ፎቶዎቹን ለሥራው ማሳያ ቢጠቀም ፈቅጃለሁ» የምትል አንዲት መስመርና ፊርማ ብዙ ጠብ ትከላከላለች፤ የሕፃናት ፎቶ ሲሆን ደግሞ የወላጅ ፈቃድ ያሻል። በስልክ የተነሣ ፎቶ ውስጥ የተነሣበት ቦታ መገኛ ተደብቆ ሊቀመጥ ስለሚችል፣ ከመጫንዎ በፊት ማጥፋት ተገቢ ነው። ሙሽራዋ ስትዘጋጅ የተነሣችው በእናቷ ቤት ነው፤ የእናቷ ቤት የት እንደሆነ ለዓለም መንገር የእርስዎ ሥራ አይደለም።

ወደ ምክራችን እንመለስ።

ይህን ሁሉ አንብበው «ለመሆኑ ድረ ገጽ ምን ያደርግልኛል? ቲክቶክም ቴሌግራምም አለኝ» ይሉ ይሆናል። ልክ ነዎት። እዚያ አካውንትዎ በአንድ ሌሊት ሊዘጋ ወይም ሊጠለፍ ይችላል፣ ለማን እንደሚታይ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው፣ ያለፈው ዓመት ምርጥ ሥራዎ ዛሬ ከተለጠፈው የጭፈራ ቪዲዮ ሥር ተቀብሯል። የሙሽራዋ እናት እዚያ ገብታ ስትፈልግዎ አንድ ሰዓት ሙሉ የሰው ጠብ ስታይ ቆይታ የመጣችበትን ትረሳለች። ደንበኛን ለማራቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ በቀላሉ አይገኝም፤ በስምዎ የተመዘገበች፣ እርስዎ ብቻ የሚያዙባት፣ ከሁሉም ቦታ ሰው የሚመራባት አንዲት ገጽ ግን ይህን ያበላሻል።

ያም ሆኖ ሥራውን ከጨረሱ፣ የመጨረሻውን ፈተና በስቱዲዮዎ ፈጣን ዋይፋይና በትልቁ ስክሪን ላይ ብቻ ያድርጉት። አክስትዎን ጠርተው፣ ዓመታት ያስቆጠረ ቴክኖ ስልኳን አስይዘው፣ «የዚህን ሰው ዋጋና ስልክ ፈልጊልኝ» ብለው ዝም ብለው አይመልከቷት። የት ላይ እንደምትቆም፣ ምኑን ነክታ እንደማይከፈትላት፣ የትኛው ፎቶ ላይ ፈገግ እንደምትል ካዩ እጅዎ ሥራ ያገኛልና ማታውኑ ግማሹን መሰረዝ ይጀምራሉ። እርስዎም ራስዎ፣ እባክዎ፣ ዋይፋይዎን አጥፍተው ታክሲ ውስጥ እንዳይከፍቱት።